ጣርማ በር ሲዘጋ

ደሴ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን ጣርማ በር ክፍት ሲሆን ነው። ከደብረ ሲና ከተማ በላይ ያለው ያ መተላለፊያ ወይም ከሱ በታች ያለው መስመር በተዘጋ ቁጥር፣ ወደ ወሎ የሚሄድ ሰው በናዝሬት አድርጎ አዋሽ ይወርዳል፤ የአፋርን ሜዳ ያቋርጣል፤ ሚሌ ላይ ታጥፎ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። መንገዱ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ነዳጁና የጭነቱ ዋጋም አብሮ ይጨምራል።

ይህ ዙሪያ ጥምጥም ባለፉት ዓመታት ደጋግሞ ተሞክሯል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል መስመሩ ተቋረጠ። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ዘለቀ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱ አንድ ሳምንት የሚከፈት፣ በሚቀጥለው የሚዘጋ አድርጎታል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰዉ ተራራውን ይረግማል፣ አንዳንዱም «አዲስ ዋሻ ቢቆፈር ኖሮ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ጣርማ በር ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው፣ የጎደለው ሌላ ዋሻ ሳይሆን ሌላ መንገድ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከመልክዓ ምድሩ እንነሣ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ጉዶ በረትን ያለፈ መንገደኛ ተራራ እየወጣ መሆኑ እምብዛም አይታወቀውም። ግራና ቀኙ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ በድንጋይ የታጠረ ግቢ፣ ብርድ የለመደ የበግ መንጋ ነው። ከአዲስ አበባ በ180ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ መሬቱ በድንገት ያልቃል። መንገዱ ከ3,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆሞ ከታች የይፋት ቆላ ይታየዋል፤ ሰማዩ የጠራ ከሆነ ዓይን እስከ አዋሽ ተፋሰስ ድረስ ይሄዳል። ሸዋ ሮቢት ከዚያ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ከጫፉ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ዝናብ ከጀማ ጋር ተቀላቅሎ ዓባይ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው በሮቢ ወንዝ አድርጎ አዋሽን ይከተልና ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ይቀራል።

ጣርማ በርን ከብዙ የዓለም መተላለፊያዎች የሚለየው ይህ ነው። በአልፕስ ተራሮች ያለ መተላለፊያ በአንድ ወገን ተወጥቶ በሌላው ወገን ይወረድበታል፤ ስለዚህ ከግርጌ እስከ ግርጌ ዋሻ ቢቆፈርለት መውጣቱም መውረዱም ይቀራል። ጣርማ በር ላይ ግን አንዱ ወገን ሜዳ፣ አንዱ ወገን ገደል ነው። ደጋው ራሱ ሦስት ሺህ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስለሆነ፣ ዋሻ ከደጋው በየትም በኩል ቢጀመር ከዚያው ከፍታ መጀመሩ ነው። ቁልቁለቱ ከውጭ ካልተወረደ በዋሻው ውስጥ መወረድ አለበት። ገደሉ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ጠርዝ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ተደራርቦ ከቆየ በኋላ ምሥራቃዊው መሬት ተሰብሮ ሲወርድ የቀረ ግንብ ማለት ይቻላል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከዚህ ባዛልት አንዱን ክፍል የሚጠሩት በዚሁ ቦታ ስም፣ «ጣርማ በር» ብለው ነው።

ለእግረኛና ለአጋሰስ ይህ ገደል አንድ መተላለፊያ ብቻ ኖሮት አያውቅም። ከመንዝ እስከ አንኮበር ባለው ጠርዝ ላይ ደገኛው ገብሱን ይዞ ወደ ቆላ ገበያ የሚወርድበት፣ ቆለኛው ጥጥና ጨው ይዞ የሚወጣበት መንገድ በየአፋፉ አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ የውጭ ንግድ የሚወርደው በጣርማ በር ሳይሆን በአንኮበር ነበር፤ ከአንኮበር ግርጌ ባለው የአልዩ አምባ ገበያ አድርጎ ወደ ታጁራ ባሕር ዳርቻ ያመራል። የነገሥታቱ መናገሻም እዚያው ጠርዙ ላይ ስለነበር የሲራራ ነጋዴው ቀረጡን የሚከፍለው እግረ መንገዱን ነው።

ጣርማ በር ብቸኛ የሆነው ከጎማ በኋላ ነው። መኪና አጋሰስ በሚወጣበት አፋፍ አይወጣም፤ ሰፊ መታጠፊያና የማይናድ ተረተር ይፈልጋል። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት፣ አዲስ አበባን ከደሴ የሚያገናኘው የመኪና መንገድ ሲወጣ በዚህ በኩል አለፈ። ወዲያውም መተላለፊያው የጦር ሜዳ ጉዳይ ሆነ። ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር ከተሸነፈ በኋላ የጣሊያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶልዮ ከ1,700 የሚበልጡ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ። የፋሺስት ጋዜጦች «የብረት ፈቃድ ጉዞ» እያሉ ያገነኑት ዘመቻ ይህ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በስዊድናዊው ሻምበል ታም የሠለጠኑት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች፣ በክፍሌ ነሲቡ መሪነት፣ ጣርማ በር ላይ ጠላትን ለመግታት ታቅዶ ተላኩ። ዕቅዱ የአንድ ትንሽ ጦር ዕቅድ ነው፤ የሚረዳው ሠራዊት አልነበረውም። ሆኖም መንገዱ ገደሉ ላይ ፈረሰ፤ ያ ሁሉ መኪና ጭቃ ውስጥ ቆሞ መሐንዲሶችና ወታደሮች በአካፋ እስኪጠግኑት ድረስ ከአንድ ቀን በላይ ጠበቀ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክፍል ለዛሬው ጉዳይ ይበልጥ ይጠቅማል። ባዶልዮ በመኪናው አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነው። በእግራቸው የተጓዙት በጣሊያን ጦር ሥር የተሰለፉ የኤርትራ ወታደሮች (አስካሪዎች) ግን ከሱ ቀድመው ከተማዋ ዳርቻ ደርሰው ነበር። ተራራው ጎማን እንጂ እግርን አላቆመም። በ2014ም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። መንግሥት በኅዳር ወር መጨረሻ ነጻ አወጣኋቸው ብሎ ከዘረዘራቸው ቦታዎች መካከል ሸዋ ሮቢት ብቻ ሳትሆን ሞላሌና መዘዞም ነበሩበት፤ እነዚህ ሁለቱ ከገደሉ በላይ በደጋው ያሉ ናቸው። ጦር መተላለፊያውን በመንዝ በኩል ዞሮት ወጥቷል ማለት ነው። በጣርማ በር መዘጋት ተጎጂው ተዋጊው አይደለም፤ ሽንኩርት የጫነው አይሱዙና ሐኪም ቤት የሚሄደው ታማሚ ነው።

ዋሻው የመጣው ከወረራው በኋላ ነው። ጣሊያኖች አስመራን ከአዲስ አበባ የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠሩ የጠርዙን የመጨረሻ አናት በስተው አለፉ፤ ስሙንም ለሙሶሊኒ ሰጡት። ርዝመቱ 600 ሜትር አይሞላም። የተቆፈረው በዚያ ዘመን ለነበረው አጭርና ጠባብ የጭነት መኪና ልክ ስለሆነ፣ ዛሬ ሁለት ተሳቢዎች ውስጡ ሲገናኙ አንደኛው ፍጥነቱን ጥሎ ግድግዳውን ተጠግቶ ሌላውን ያሳልፋል። ከወረራው አምስት ዓመት በኋላ ያ መንገድ ለሌላ ጦር ዋለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የዘመተው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በጣርማ በር አልፎ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ገባ። ባዶልዮ ከደሴ ከተነሣበት ዕለት ልክ አምስት ዓመት መሆኑ ነው።

ዋሻው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ መለየት ያስፈልጋል። ሥራው አናቱ ላይ ያሉትን የመጨረሻ መታጠፊያዎች ማስቀረትና በክረምት ከጉምና ከንፋስ ትንሽ መጠለያ መስጠት ነው። ከፍታውን አይቀንስም። ሹፌሩ ከዋሻው አፍ ሲወጣ ከፊቱ የሚጠብቀው ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው።

ይህ ቁልቁለት በመኪና ላይ የሚያደርሰውን ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። አርባ ቶን የሚመዝን ባለ ተሳቢ መኪና ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 700 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ከሃያ ሊትር ናፍጣ ቃጠሎ የሚገኝ ሙቀት ማለት ነው። ከሁለት ሺህ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ይህ ሁሉ የሆነ ቦታ መጥፋት አለበት። ከፊሉን አየሩና የጎማው ፍትጊያ ይወስዱታል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደና የሞተር ፍሬኑ የሚሠራ ከሆነ ብዙውን ሞተሩ ይሸከማል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ በፍሪ የሚወርድ ሹፌር ግን ሸክሙን በሙሉ ለፍሬን ሸራው ይሰጠዋል። ሸራው ሲግል የመያዝ አቅሙ ይወድቃል፤ ሹፌሩ መርገጫውን አጥብቆ በረገጠ ቁጥር ይበልጥ ይግላል። ሽታው መጀመሪያ የሚሰማው ረዳቱ ነው። «ፍሬን በጠሰ» ብለን ከምንዘግበው አደጋ ውስጥ የተበጠሰ ነገር የሌለበት ብዙ ነው፤ ሸራው ግሎ መያዝ አቅቶት ነው።

የሚወጣውም የራሱ ችግር አለው። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ በተለይ ያረጀና ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ጭነቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ዳገቱን በእግረኛ ፍጥነት ይወጣል፤ ከኋላው የአውቶቡስና የሚኒባስ ሰልፍ ይፈጠራል፤ ትዕግሥቱ ያለቀ ሹፌር ወደፊት የማይታይ መታጠፊያ ላይ ይቀድማል። ጉም በወረደበት ጠዋት ይህን ማድረግ ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። መንገደኛው የጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ፎቶ ለማንሣት፣ ምኒልክ መስኮት ከሚባለው አፋፍ ቁልቁል ለማየት ይቁም ይላል፤ ሹፌሩ ያን ጊዜ የሚያየው የፍሬኑን የአየር መጠን ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል ደብረ ሲና ኑሮዋን መሥርታለች። ፍሬን ማብረድ ስላለበት መኪና ይቆማል፤ መኪና ከቆመ ቆሎ ይሸጣል። የደብረ ሲና ቆሎ ስሙ አገር ያወቀው በገብሱ ጥራት ብቻ አይደለም፤ መኪና የግድ በሚያርፍበት ቦታ ላይ በመቆላቱም ነው። የአውቶቡስ መስኮት እንደተከፈተ የቆሎው ላስቲክ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ያላየ የወሎ መንገደኛ የለም። መንገዱ ለሳምንታት ሲዘጋ መጀመሪያ የሚራቡት ቆሎውን የሚሸጡት ሴቶች ናቸው፤ እንዲህ ያለው ኪሣራ በየትኛውም ሪፖርት ሲጻፍ አላየሁም።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው። ገደሉ አንድ ወጥ ድንጋይ አይደለም። በባዛልቱ መካከል በስብሶ የላላ ንብርብር አለ፤ የክረምት ዝናብ ከላይ ይሰርግና እዚያ ንብርብር ላይ ሲደርስ ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከላይ ያለውንም መሬት ያንሸራትተዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በደብረ ሲና አካባቢ በይዛባ ወይንና በሾተል አምባ በኩል የደረሰው የመሬት መንሸራተት ማሳና መንደር ይዞ ሄዷል። ጊዜው ልብ ይባል፤ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ መሬቱ ጠግቦ ሳለ ነው። ከዚያ በስተሰሜን ደግሞ በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አውድሟል፤ ያንኑ የደሴ መንገድም ጎድቷል። ስለዚህ ይህን መስመር ሰው ባይዘጋው እንኳ ምድሩ ራሱ በየጥቂት ዓመቱ ሊዘጋው ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። ጣርማ በር የድሮውን ያህል አስፈላጊ አይደለም የሚሉ አሉ፤ በከፊል እውነት አላቸው። አሰብ የኢትዮጵያ ወደብ በነበረበት ዘመን ቀድሞ የነበረው መስመር በደሴና በኮምቦልቻ አልፎ በባቲ ወደ አፋር የሚወርድ ነበር፤ የአገሪቱ ዋና የገቢ ጭነት በጣርማ በር ይመላለሳል። በ1960ዎቹ ከአዋሽ በሚሌ ወደ አሰብ የሚሄደው የቆላ መንገድ ሲሠራ ከባዱ ጭነት ገደሉን ትቶ ወረደ። ከ1990ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ወደቡ ጅቡቲ ሲሆን ያ የቆላ መስመር ጭራሹን የአገሪቱ ደም ሥር ሆነ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድም የሚከተለው ይህንኑ ምክንያት ነው። ባቡር ብዙ ዳገት አይወድም፤ በ2 ከመቶ ዘንበልታ 1,800 ሜትር ለመውጣት ብቻ 90 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይጠይቃል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ጣርማ በርን አልነኩትም፤ ከታች በኩል መጡ። ሐዲዱ ግን በጦርነቱ ተጎድቶ ሥራ ሳይጀምር ቆይቷል።

እንግዲህ ጣርማ በር ላይ የቀረው የወደብ ጭነት ሳይሆን የአገር ውስጡ ነው፦ ከሸዋ ሮቢትና ከአጣዬ የሚወጣው ሽንኩርትና ማሾ፣ ከደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች የሚወርደው ዕቃ፣ ሲሚንቶው፣ ተማሪው፣ ታማሚው፣ ለቅሶ የሚሄደው ዘመድ። እንዲህ ያለው ጭነት በአፋር ዞሮ ለመሄድ የሚያስችል ትርፍ የለውም። የማሾው ነጋዴ ለተጨማሪው መንገድ የሚከፍለውን ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቆርጠዋል፤ ወይም ጨርሶ አይገዛም። አማራጩ የቆላ መንገድም ቢሆን ዋስትና አይደለም። ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ መሬት ሰንጥቋል፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችንም ከቀያቸው አስለቅቋል። በዚያች ወቅት ጣርማ በር ቢዘጋ ኖሮ ወሎ በምን በኩል ይገናኝ ነበር?

መልሱ በከፊል አለ። ከሙከ ጡሪ በዓለም ከተማ በኩል የጀማን ሸለቆ ተሻግሮ ወደ ደቡብ ወሎ የሚዘልቅ መንገድ አለ። ከጣርማ በር በመሐል ሜዳ አድርጎ መንዝን የሚያቋርጥም አለ። ከደብረ ብርሃን በአንኮበር ወርዶ ወደ አዋሽ የሚደርሰው መስመር ደግሞ የድሮው የሲራራ መንገድ ነው ለማለት ይቻላል። እነዚህ ሁሉ የወረዳ ከተሞችን ለማገናኘት እንጂ ጣርማ በር በተዘጋ ዕለት የተሳቢ ሰልፍ እንዲሸከሙ ተብለው የታሰቡ አይደሉም። ድልድያቸው፣ የመታጠፊያቸው ስፋት፣ በክረምት የሚናዱ ቦታዎቻቸው በዚያ መለኪያ መመርመር አለባቸው። ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ተዳፋት ዋሻ ከመቆፈር ይህ በእጅጉ ይረክሳል፤ አንድ ቦታ ላይ ያለ ዋሻ ደግሞ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን በአንድ ጉድጓድና በሁለት ጠመንጃ ይዘጋል።

ለነባሩ መንገድም ከግዙፍ ፕሮጀክት በፊት የሚቀድሙ ሥራዎች አሉ። ከዋሻው በታች ባሉት ረጃጅም ቁልቁለቶች ላይ ፍሬን ለከዳው መኪና በጠጠር የተሞላ፣ ወደ ላይ የሚያዘነብል ማምለጫ መሥራት አንዱ ነው፤ ሌሎች ተራራማ አገሮች ይህን የሚያደርጉት የሰው ሕይወት ከጠጠር ስለሚወደድ ነው። ከዋሻው መግቢያ በፊት በደጋው ላይ ሁሉም ከባድ መኪና ቆሞ ፍሬኑን የሚፈትሽበት ሰፊ ሜዳ ማዘጋጀት ሌላው ነው። ከሁሉ ርካሹ የቦይ ጠረጋ ነው። ከመንገዱ በላይ ያለው የውሃ መውረጃ በደለል ከተሞላ የሐምሌ ዝናብ መውረጃ ያጣና ወደ አስፋልቱ ሥር ይገባል፤ በመስከረም መንገዱ ተሰንጥቆ ይገኛል። ይህ ሥራ መጠናቀቅ ያለበት በግንቦት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ከክረምቱ መግቢያ ጋር ይገጥምና ገንዘቡ ሐምሌ ላይ ይለቀቃል፤ አካፋው ገደሉ ላይ ሲደርስ ዝናቡ ወር አልፎታል።